በግራ እጅ የተጎረሰች ጉርሻ

ዩቲዩብ ላይ አንድ የአማርኛ ፊልም ተከፍቷል። ባል ሚስቱን ያጎርሳል፤ በግራ እጁ። ሚስት ፈገግ ብላ ትቀበልና አጸፋውን በግራዋ ትመልሳለች። አማት አጠገባቸው ተቀምጠው ያያሉ፤ ምንም አይሉም። ይህን ነውር አይቶ የደነገጠ ተመልካች ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ ልብ ብሎ ይመልከት፤ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያሉት ፊደላትም ፊታቸውን አዙረዋል። ነውረኛው ባልየው አይደለም፣ ፊልሙ ቀኝና ግራው ተገልብጦ ነው። የገለበጠውም ባለቤቱ አይደለም። ዩቲዩብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰው ቪዲዮ ወስዶ የሚጭነውን የሚለይበት ዘዴ ስላለው፣ ያን ለማታለል ሥዕሉ ይዞራል፣ ዳር ዳሩ በአበባ ይታጠራል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። በዚህ የተነሣ አንጋፋው ተዋናይ ልጃቸውን ሲቆጡ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ይመስላል።

ርእሱ «አዲስ የአማርኛ ሙሉ ፊልም 2017» ይላል። ዋናዋ ተዋናይት ግን አንቴናው የሚመዘዝ ሞባይል ይዛ ነው የምታለቅሰው። ከሥር ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶች አስተያየት ይጽፋሉ፤ «ናፍቆታችንን አስረሳችሁን፣ ባለቤቶቹ እግዜር ይስጣችሁ»። ምርቃቱን የሚቀበለው ፊልሙን የገለበጠው ልጅ ነው።

እውነተኛው ባለቤትስ? ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ሀብታም ሆኗል ተብሎ እየታማ።

የሰፈር ሒሳብ አያደክምም። አንድ እይታ አንድ ዶላር ነው፤ ሚሊዮን እይታ ሚሊዮን ዶላር። ዶላሩ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ መቶን አልፏል። እንዲህ ያለ ሀብት የተቆለለለት ልጅ ታክሲ ሲጋፋ ቢታይ ቁጥብነቱ ነው የሚወራለት። የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ ያስቆሙታል፤ «አንተ ልጅ፣ ሚሊዮን ሰው አየህ አሉ፤ ለድንኳኑ ማደሻ ዝም ትለናለህ?»

የዩቲዩብ ሒሳብ ግን እንዲህ አይሄድም። ቻናሉ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል መጀመሪያ 1,000 ሰብስክራይበር ማግኘትና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት አለበት። ይህን ካለፈ፣ ፊልሙ ላይ ከሚገባው ማስታወቂያ 55 በመቶው የእሱ ነው፣ 45ቱ የዩቲዩብ። የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ በተቀመጠበት አገር ነው የሚቆረጠው፤ ደሴ ላይ ሆኖ ያየና ቨርጂኒያ ላይ ሆኖ ያየ እኩል አይመዘኑም። ስለዚህ ስለ ደሴ፣ በደሴ፣ ለደሴ ሰው ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልየው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ወገን እንዲያይለት ነው። ጸሎቱ ሲሰማለት ሌላ ነገር ይመጣል። ከ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ ካለ ተመልካች በተገኘ ገቢ ላይ የአሜሪካ ግብር ይቆረጣል፤ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት የሌለው አገር ሰው 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ የእኛም አገር የላትም። አስተዋዋቂው ከከፈለው መቶ ዶላር ውስጥ ዳይሬክተሩ እጅ የሚገባው 38 ዶላር ከ50 ነው፤ ያውም ባንክና ሐዋላ ድርሻቸውን ሳያነሡ።

ታዲያ ብዙው ሰው ቻናሉን አሜሪካ ባለ የአጎት ልጅ ስም ይከፍታል። ተቀናሹ ይቀራል፣ የአጎት ልጅ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ብሩ በሰዓቱ ይላካል። በሁለተኛው የአጎት ልጅ መኪና ይበላሻል። በሦስተኛው «የዓመቱን ታክስ የምከፍለው እኔ እኮ ነኝ» የሚል ረጅም የድምፅ መልእክት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የአጎት ልጅ በየሰርጉ ራሱን ፕሮዲዩሰር እያለ ማስተዋወቅ ይጀምርና የሚቀጥለው ፊልም መጨረሻ እንዲቀየር ሐሳብ ያቀርባል።

ሰው አላምንም፣ እዚሁ በራሴ ስም እከፍታለሁ ያለም ዕጣው ሌላ ነው። ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻውን የሚያረጋግጥበት ቁጥር ይላክለታል። በኢሜይል እንዳይመስላችሁ፤ በወረቀት፣ በፖስታ። ዓለምን በስልክ እያሳየ ያለ ድርጅት ደብዳቤ ይልካል፤ አድራሻው ደግሞ «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ነው። ፖስተኛ ቤት ለቤት በማይዞርበት ከተማ የሚቀረው አባቱ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ ጡረታ የወጡት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ቁጥሩ ተገኝቶ ገንዘብ እንዲላክ ሒሳቡ መቶ ዶላር መሙላት አለበት። እስከዚያ ተዋናዮቹ ይደውላሉ። እነሱም የሰፈሩን ሒሳብ ሰምተዋል።

ከዚህ ሁሉ ያተረፈውን የሚጨርሰው የዘመድ ርኅራኄ ነው። አክስት በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ መመሪያ ያወርዳሉ፤ «ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ተጫኑለት፣ በማየት ብቻ አይሆንም አሉ፣ ልጁን እንርዳው»። ቤተሰቡ ቡና እየጠጣ የሪል እስቴት ማስታወቂያ ሲጫን ያመሻል፤ ቤቱን ሊገዛ የሚያስብ አንድም ሰው በሌለበት። ጉግል ይህን የሐሰት ጠቅታ ብሎ ያየዋል፤ ከአስተዋዋቂው ኪስ በከንቱ ገንዘብ እየወጣ ነውና አካውንቱን ይዘጋል። አክስት ግን እስከ ዛሬ ምቀኛ ነው ያስዘጋበት ባይ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ዩቲዩብ ላይ ገንዘብ አለ። በጣም አለ። የሚከፍለው ግን በየቀኑ ለሚመጣ ነው፤ ፊልም ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ሁለት ዓመት የፈጀች የአንድ ሰዓት ከአርባ ፊልም በአንድ ሳምንት ታይታ ትረሳለች፤ ያቺው የፊልሙ ተዋናይት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስለ ፍቺዋ ያለቀሰችበት፣ በአንድ ከሰዓት የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ግን በክፍል አንድ፣ በክፍል ሁለትና በክፍል ሦስት ወር ሙሉ ታበላለች። ከስምንት ደቂቃ ያለፈ ቪዲዮ መሃሉ ላይም ማስታወቂያ ስለሚገባበት፣ እንግዳና ጠያቂ «እንዴት ከረማችሁ፣ እንዴት ናችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው» ሲባባሉ ያ ለዘመናት በከንቱ የፈሰሰ ሰላምታችን ዛሬ ገና ዋጋ ወጣለት። ብልጥ የሆነው ዳይሬክተር ገብቶታል፤ ፊልሙን ቆራርጦ አሥራ ሁለት ክፍል አድርጎታል። እያንዳንዱ ክፍል በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል ያልቃል። አሁን ደህና ይበላል። ፊልም ግን መሥራት ትቷል፤ በር ነው የሚያስንኳኳው።

ፊልሙን ሳይቆራርጡ የሸጡ ሰው የሉም ማለት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. «ሳንኮፋ»ን ሠርተው አከፋፋይ ሲያጡ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለጥቁር አሜሪካውያን አሳዩት፤ ሰዉም ተሰለፈ። በኋላም ዋሺንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ኔትፍሊክስ ፊልሙን ያወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። ኢንተርኔቱ የመጣው መንገዱን ሊከፍት ሳይሆን የተከፈተውን አይቶ ነው። እርግጥ ሁሉም ሰው ኃይሌ ገሪማ አይደለም፣ የኪራይም ነገር አለ። ቢሆንም ትኬት የቆረጠ ሰው ገንዘቡን ዩቲዩብ ሳይካፈለው ለፊልሙ ሰጥቷል፤ ዳይሬክተሩም ተመልካቹን «ከ25 እስከ 34 ዓመት» በሚል ሰንጠረዥ ሳይሆን በር ላይ ጨብጦ ያውቀዋል።

ይህን የተረዱ አንዳንድ ዳይሬክተሮች አሁን ፊልማቸውን ይዘው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ መከራየት ጀምረዋል። ሰዉ ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ፊልሙ ይጀመራል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንድም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ በቲክቶክ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «ወንድሜ፣ እባክህ ስልኩን» ስትለው በሹክሹክታ ይቆጣታል። «እያስተዋወቅኩላችሁ እኮ ነው! ሁለት መቶ ሰው ገብቶ እያየ ነው!» ከሁለት መቶው ብዙዎቹ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፤ «ድምፁን ጨምርልን» እያሉ ይጽፉለታል።