ዉፈሩ ሶፋ ላይ፣ እኔ ወለል ላይ

የአባቴ ሳሎን 9 ሜትር በ7 ሜትር ነው። አባቴ ሲያሠራው ያሰበው ሰርግና ተዝካር ነው፤ ድንኳን ሳይተከል ሰው ሁሉ እንዲስተናገድበት። እኔ ስወርሰው ቤተሰቡ አራት ሆነ፣ የተረፈውን ቦታ ማሚቶ ያዘው። ቴሌቪዥኑ ከወዲያ ጥግ ሲያወራ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆኖ የሚደውል ዘመድ ይመስላል።

«ቤዝ ያስፈልገናል» አልኩ አንድ ቀን።

«ለዘፈን ከሆነ ይሁን» አለች ባለቤቴ።

«ለፊልም ነው» አለ ልጄ።

እኔ ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሳጥን ይኖራል ብዬ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ሳሎኔ ሰፊ መሆኑን ስነግረው ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ይሄ 3000 ዋት ነው። ሞንታርቦ በለው!» አለና ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ዉፈር አሳየኝ። ተከራክሬ፣ የተከራከርኩ መስሎኝ፣ ገዛሁት።

ቤት ደርሼ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በመነጽር ሳነብ፣ ከመስመር የሚስበው 90 ዋት ነው ትላለች። 90 ዋት በልቶ 3000 ዋት የሚያመርት ሳጥን መርካቶ ውስጥ ካለ፣ ዓባይን ለመገደብ ያን ሁሉ ዓመት ምን አደከመን? በኋላ እንደገባኝ፣ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ፒኤምፒኦ» የሚሉት፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ የማይቆይ የወረቀት ጉልበት ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን፣ «አርኤምኤስ» የሚባለውን ነበር። ዋትም እንደ ወጥ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ይበዛል። እውነተኛ ዋት ቢሆንም እንኳ እጥፍ ማድረግ ድምፁን የሚያሳድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል።

ለማንኛውም ሳጥኑን ጥግ ላይ አቆምኩትና ሳሎኑ መሃል ካለችው ሶፋዬ ላይ ተደላደልኩ። ቤዝ የለም። ጨመርኩ። የለም። ልጄ «ጁራሲክ ፓርክን» ከፈተ፤ ያ ግዙፍ ዳይኖሰር ሲመጣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ደረሰ። አሁንም የለም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 2017 ነበር። አዋሽ ፈንታሌ ላይ ምድር እየተንቀጠቀጠች ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማበት፣ ሰው ልብሱን ሳያወልቅ የሚያድርበት ሰሞን። በሩ ተደበደበ። ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤቴ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ቆመዋል።

«ልጄ፣ አትወጡም እንዴ? መሬቱ ተነሣ እኮ!»

«ኧረ እትዬ፣ መሬቱ አይደለም... ዳይኖሰር ነው።»

ዳይኖሰር ምን እንደሆነ፣ ለምን ሳሎኔ ውስጥ እንዳለ፣ ለምንስ በእኩለ ሌሊት እንደሚሄድ ሳስረዳ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ትንሽ የተጽናናሁት እ.ኤ.አ. በ1974 «ኧርዝኩዌክ» የተባለው ፊልም ሲወጣ የሆነውን ሳነብ ነው። «ሴንሰራውንድ» ተብሎ ትላልቅ ዉፈር ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደርድሮ ነበርና፣ የሆሊውዱ ቻይኒዝ ቴአትር ከኮርኒሱ የሚረግፍ ልስን ተመልካች ላይ እንዳይወድቅ መረብ ዘርግቶ ነበር። እኔ ጎረቤቴን ያስደነገጥኩት ያለ መረብ ነው።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ሶፋዬ ላይ ያልሰማሁትን ቤዝ እሳቸው ከግድግዳ ወዲያ እንዴት ሰሙት?

መልሱ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ሳሎኑ ውስጥ ነበር። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ከአባቴ ሳሎን ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ሞገድ ግድግዳ ገጭቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ አንዳንዱ ላይ ይጠፋፋል። ግድግዳው ሥር ይከመራል፤ እኔ መንበሬን የዘረጋሁበት መሃል ላይ ደግሞ ብዙው ራሱን በራሱ ያጠፋል። ለቤዙ የከፈልኩት እኔ፣ የወረሱት እትዬ።

የሚያውቅ ወዳጄ መፍትሔውን ነገረኝ። ዉፈሩን ራስህ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጥ፤ ቤዙ የሚሰማ ዘፈን ክፈት፤ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ እየዳኽህ አዳምጥ። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ሳይጮኽም ሳይጠፋም የሰማህበት ቦታ የዉፈሩ ቦታ ነው። በዓለም ላይ ያሉ የድምፅ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው ብሎ ማለልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዉፈሩን ተሸክሜ ሶፋው ላይ እንደ ክቡር እንግዳ አስቀመጥኩት። እኔ በእጄና በጉልበቴ ሆኜ፣ ጆሮዬን ወደ ወለሉ አዘንብዬ ጉዞ ጀመርኩ። የመጽሐፍ መደርደሪያው ጋ፣ ይጮኻል። መስኮቱ ሥር፣ ጠፋ። ቡፌው አጠገብ ስደርስ፣ እንዴት ያለ ቤዝ! «እዚህ ነህ ለካ!» ብዬ ቀና ስል፣ አማቴ በሩ ላይ።

«በስመ አብ ወወልድ! ልጄ፣ እሱ ሶፋ ላይ፣ አንተ ወለል ላይ?»

ምንም ብል አላመኑኝም። በሳምንቱ በሃይላንድ ጸበል ይዘውልኝ መጡ።

ጸበሉን ጠጣሁ፤ ዉፈሩን ግን፣ ቦታው ቢገኝለትም ጉልበቱ ያው የወረቀት ነውና፣ ለአንድ ጁስ ቤት ሸጥኩት፤ እዚያ መብራቱም ይፈለጋል። አሁን እየጠየቅሁ መረጥኩ። የባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቴ የምትወደው ዘፈን ከዚያ በታች እምብዛም አይጠይቅም። ፊልም ነው እስከ 20 የሚወርደው። ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ኸርዙ ሲወርድ ቀስ እያለ ይደክማል፤ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ሰፊ ክፍል ለመሙላት ይበረታል፣ ከተቃኘበት ልክ በታች ሲወርድ ግን ድምፁ ገደል ይገባል። ክፍላችን ሰፊ ነውና ቀዳዳ ያለውን፣ ልኩ ወደ 20 የተጠጋውን ወሰድን። ግን አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት መካከለኛ፣ ባለ 12 ኢንች። አንዱ ቦታ ላይ የሚጠፋውን ሌላው ስለሚሞላው ከአንድ ወንበር ይልቅ ለመላው ሳሎን ይዳረሳል። አባቶቻችን ስለ ዉፈር ባያውቁም «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለካ ለዚህም ይሠራል።

አንዱ ቡፌው ጎን ገባ። ባለቤቴ የሰርጋችንን ብርጭቆዎች ከቡፌው አውጥታ መኝታ ቤት ካስገባች በኋላ ማለት ነው። ሌላው ከሶፋው ጀርባ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ስለሚያወጡ ጆሮ ከየት እንደሚመጣ አይለይም።

ባለቤቴ ዘፈኗን ከፍታ ጥቂት አዳመጠችና «ታዲያ ቤዙ የታለ?» አለች። ምንም ሳልመልስ ሁለቱንም አጠፋሁ። ዘፋኙ በአንድ ጊዜ ቀጥኖ ስልክ ውስጥ ገባ።

«መልሰው!» አለች።

እትዬ ከዚያ ወዲህ በር አልደበደቡም። አሁን ለመስማት ብዬ እስከ መጨረሻ የማዞረው ነገር የለም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዳይኖሰር እንደማይሄድ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ሰፊ ሳሎን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዋት ከመቁጠራችሁ በፊት ጉልበታችሁን አዘጋጁ። መዳኽ ስትጀምሩ ደግሞ በሩን ቆልፉ።