«ውኃም ቢሆን?»

እኛ ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥተን ስቶክሆልም የከተምን ሰዎች ብርዱን ለምደናል። ጨለማውንም ለምደናል። ያልለመድነው ጥያቄውን ነው። እኔ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ፣ ክርስቲያን ነኝ፤ ጓደኛዬ የሰመራ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ የሚያደክመን ግን አንድ ነው።

ጥያቄው የሚመጣው በቡና ሰዓት ነው። ስዊድኖቹ «ፊካ» ይሉታል። ቡና አለ፣ ኬክ አለ፣ ኬኩ ላይ ክሬም አለ፣ ቀኑም መቼም ረቡዕ ነው። «ለምን አትበላም?» ጾም ነው። «ቪጋን ነህ?» አይደለሁም፣ ቅዳሜ ሥጋ እበላለሁ። «ታዲያ ትንሽ ክሬም ምን ታደርጋለች?» ጾም ነዋ! «እግዚአብሔር እውነት ክሬም ይቆጥራል?» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የበላውን እርጎ ካሎሪ በስልኩ የሚመዘግብ ነው።

ለጓደኛዬ ደግሞ የራሱ አለው። «ውኃም ቢሆን?» አዎ፣ ውኃም። «ጠብታም?» ጠብታም። በየዓመቱ ያው ሰው፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ድንጋጤ። ሰመራ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሲጾም ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። እዚህ ረመዳን ሰኔ ላይ የዋለ ጊዜ ፀሐይዋ ምሽት 4 ሰዓት እስኪጠጋ አልገባም አለችው። እሱ ግን እስከ ዛሬ የሚያማርረው ፀሐይዋን ሳይሆን ማስረዳቱን ነው።

የትውልድ አገራችን ሲታወቅ ይብሳል። «ሉሲ የተገኘችበት አይደል?» አዎ፣ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። «ታዲያ እንዴት በአዳምና በሔዋን ታምናለህ?» ቆፍረው ያወጧት ፈረንጆች፣ ከቢትልስ ዘፈን ስም ያወጡላት ፈረንጆች፣ መልስ የሚጠየቀው እኔ! ሐዳር ከቤታችን ረጅም መንገድ ነው ብል ማን ሊሰማኝ።

ደግሞ በአዘኔታ «ሃይማኖቱን ማን አመጣባችሁ?» ይላሉ። ንጉሣችን ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች አክሱም የተጠለሉት በ615 እ.ኤ.አ. ነው። የስዊድን ንጉሥ የተጠመቀው በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ። ይህን ስንነግራቸው «ደስ ይላል» ብለው ወደ ኬካቸው ይመለሳሉ።

ኬክ ካነሣን ሴምላን ልንገራችሁ። ክረምታቸው ሳያልቅ ዳቦ ቤቱን ሁሉ የሚሞላ፣ በክሬም ያበጠ ዳቦ ነው። ምንድን ነው ብዬ ባጣራ፣ ለካ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሚበላ የቅበላ ምግብ ኖሯል! ጾሙን ትተውት ቅበላውን አስቀሩት፤ ያውም ለሳምንታት። ይቀበላሉ፣ ይቀበላሉ፣ የሚገባ ጾም ግን የለም። ማብራሪያ የሚጠየቀው ግን የሚጾመው ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሥጋው ነገር ነው። «ሙስሊምና ክርስቲያን አትጣሉም?» አዋሽ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ከየአገሩ የመጣው ሰው ግድግዳ ተጋርቶ ነው የኖረው። ቤታችን ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ ለብቻ ይገዛል፣ ከእነሱ አንዱ ያርደዋል፣ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻው ነው። ይህን በኩራት ስናገር «አየህ! ትለያያላችሁ!» አይሉኝም? ለጎረቤቱ ብሎ ድስት የሚለይ ሰው ተለያየ ተባለ። እኔ እዚህ ስድስት ዓመት ስኖር የፎቁን ጎረቤቴን ስም አላውቅም፤ እሱን ማንም አልጠየቀም።

አፋር አገር ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆም ይላሉ፤ አንዱ ያየ የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጣል። ጓደኛዬ እዚህ ሞከረው። «ለምን ትጾማለህ?» ሲሉት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከአያቱ ጀመረ። አያቱ ገና ግመሎቻቸውን ውኃ ሳያጠጡ፣ ጠያቂው «እኔ እንኳ መንፈሳዊ ነኝ፣ ሃይማኖተኛ ግን አይደለሁም» ብሎ ስለ ዮጋው ያወራው ጀመር። ሃያ ደቂቃ! ምስኪኖቹ ግመሎች እስካሁን እንደጠማቸው ናቸው።

ነገ ረቡዕ ነው፤ የፊካው ተራ የእኔ ነው። በዘይት የተጋገረ የጾም ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። «ቅቤ የለውም?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይጠይቀኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ወንበሩን ይዞ ይምጣ።