ሻምበል፦ ሶፋ ላይ የተካሄደ የመስክ ጥናት

የዚህ ጥናት ናሙና አንድ ነው። ስሙ ሻምበል፣ ዕድሜው አምስት ዓመት፣ ክብደቱ 29 ኪሎ፣ አድራሻው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ፣ የእኔ ሶፋ። ናሙናው አነሰ የሚል ገምጋሚ ካለ መጥቶ ሶፋውን ለማስለቀቅ ይሞክር።

በቅድሚያ ዘሩን እንመልከት። ፒትቡል የሚለው ስም የአንድ የውሻ ዝርያ ሳይሆን የጥቂት ተቀራራቢ ዝርያዎች የወል መጠሪያ ነው። የሻምበል ቅድመ አያቶች እንግሊዝ አገር የታሰረ ኮርማ አፍንጫ ነክሰው እንዲንጠለጠሉ የተዳቀሉ ናቸው። ጨዋታው በ1835 በሕግ ታገደ (ዘመናቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሻምበል ከበሬ ጋር የሚገናኘው ግን ቅርጫ በምንከፋፈልበት ዕለት ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ቅሬታ ያቀረበ በሬ የለም። መንጋጋው አንዴ ከነከሰ ይቆለፋል የሚባለውም ተረት ነው፤ ይህንን ካልሲዬን በየማለዳው ከአፉ በማስለቀቅ በተግባር አረጋግጫለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ዴንቨር በ1989 እነ ሻምበልን ከከተማዋ አገደች። በ2020 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ እገዳው በፈቃድ ተተካ። ፈቃዱን ለማውጣት ማይክሮቺፕ ይጠየቃል፤ ለአደጋ ጊዜ የሚጠሩ ሁለት ሰዎችም መመዝገብ አለባቸው። አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ለቤት ኪራይ የሚዋሰኝ አንድ ሰው አጥቼ ሦስት ወር የዘመድ ሳሎን ወለል ላይ ተኝቻለሁ። ለሻምበል ሁለቱም በአንድ ከሰዓት ተገኙ።

ዋናው ግኝት ግን ቡናን ይመለከታል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግቡ ሳይቀርብ በምልክቱ ብቻ ለሃጫቸውን እንደሚያዝረበርቡ አሳይቷል። ሻምበል ንድፈ ሐሳቡን ወደ ፊት ገፍቶታል። ቡና ሲቆላ ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ደወል ያስጮኸዋል፤ ደወሉ ሲጮኽ ሻምበል ሮጦ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደወሉን መጠበቅ ተወ፤ ጭሱ በቃው። ቀጥሎ ምጣዱ። አሁን ባለቤቴ ነጠላዋን ስታጣፋ ካየ ገንዳው ውስጥ ነው፤ በረካ ካልተጠጣም አይወጣም። የ1989ኙን ሕግ ያረቀቁት ሰዎች ቡና ላይ ተጋብዘው አያውቁም ብዬ እገምታለሁ።

ያልተጠበቀው ውጤት የተገኘው እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ነው። "ውሻ ሶፋ ላይ!" ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን አልጠራችም፤ "ያ" ነበር የምትለው። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከማድ ቤት ድምፅዋን ሰማሁ፦ "ሻምበል ዛሬ ምነው ምሳቸውን አልበሉ?"

ስጠይቃት ያከበረችው ማዕረጉን እንጂ ውሻውን እንዳልሆነ አስረዳችኝ። አገሯ ከተመለሰች ወዲህም ስልክ ስትደውል ለእኔ "አንተ" ነው፤ "እሳቸውስ ደህና ናቸው?" የምትለው ስለ እሱ ነው።