የባሮ ዳር ትርኢትና የተመልካቹ ጠባይ

የባሮ ዳር ትርኢት፣ በጋምቤላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ያደገ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወጋ የሚያነሳው፣ ያለ ክፍያ የሚታይ ነገር ነው። ትርኢት ለመባል ሦስት ነገር ማሟላት ይጠበቅበታል፦ ሳይጠሩት መምጣት፣ ልጅን ከተላከበት ማስቀረት፣ ማታ ሲጠየቁ ለማስረዳት ማስቸገር። ውሃ ሊቀዳ የወረደ ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከተመለሰ ትርኢት መኖሩ ተረጋገጠ፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም።

ትርኢቶቹ በሦስት ይመደባሉ። በዕድሜ ቀዳሚው የእንፋሎት መርከብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ በሱዳን የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚደርሱት በክረምት ነበር፤ አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ለመርከብ የሚበቃው ደጋው ዘንቦ ሲሞላ ብቻ ነውና። ጨውና ጨርቅ ይራገፋል፤ ከጎሬ በኩል በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደ ቡና ይጫናል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቡም እየሳሳ ሄዶ ቀረ። የታሪክ ጸሐፊዎች ቡናውን መዝግበዋል፤ ልጆች ፉጨቱን።

ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። የዚህ ትርኢት ዋናው ክፍል ማረፉ ሳይሆን፣ ከማረፉ በፊት ከብትና ፍየል ከሜዳው የሚባረርበት ሩጫ ነው። ተመልካቹ አባራሪም ስለሚሆን፣ ከሦስቱ ልጅን ለቁም ነገር ያበቃው ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ምስክር ያለው አዞ ነው። በበጋ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ላይ ወጥቶ፣ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ተመልካቹ ልጅ ግን አፉ የተከፈተው ለእሱ መሆኑን አይጠራጠርም። የናይል አዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል። በትዝታ ያለው አዞ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ከሞተም በኋላ ያድጋል። ዕድገቱ የሚፈጥነው ባለ ትዝታው አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ነው፤ ባሕር ማዶ ከተሻገረ ደግሞ ገደብ የለውም።

የተመልካቹም ቁጥር በዚሁ ሕግ ይመራል፦ ትርኢቱ እየራቀ ሲሄድ ያየው ሰው ይበዛል። መርከቡ ከቀረ በኋላ የተወለደ ሰው ፉጨቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ቢል በውሸት አይከሰስም፤ ከአባቱ የወረሰው ነው።

የአዞውን ትክክለኛ መጠን ለማግኘት የታወቀው ዘዴ ወንድማማቾችን ለየብቻ ጠይቆ አጭሩን መውሰድ ነው። እናት በሕይወት ካለች ግን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። በእናት ሚዛን ሲታይ፣ ብዙው አዞ አርጃኖ ሆኖ ይገኛል።