ስሙ አይደለም

ምራቴ በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ ታቀፈች ተባለና ለአራስ ጥየቃ ልጄ ቤት ተሰበሰብን። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለውም። ጉልበቴ ደግሞ የ1940 ሥሪት ነው። ትንፋሼን ሰብስቤ እስክቀመጥ ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬው ሞልቶበት ቀረበ። ጆሯቸው ከእኔም የባሰ አንዲት የጎረቤት እትዬ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንደዋጡ ጠየቁ።

«ማን አላችሁት?»

«ኤይደን» አለ ልጄ።

«አይደለም? ታዲያ ማን ነው?»

«እሱ ነው እትዬ፤ ኤይደን!»

«አይደለም እያልክ ምኑን እሱ ነው ትለኛለህ?»

ሕፃኑ ይኸው ሁለተኛ ወሩን ይዟል። እሳቸው እስከ ዛሬ ስም ያልወጣለት ልጅ ነው ብለው ያዝኑለታል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። የእኛን ቤት ስም ያወጣው ስልክ ነው። ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሲጠርግ ከርሞ ነው ይህን ያመጣው። ትርጉሙን ጠየቅኩት።

«ትንሽ እሳት ማለት ነው።»

«በማን ቋንቋ?»

«በአየርላንድ።»

አየርላንድ ውስጥ የምናውቀው ሰው የለም። ዕቁብ አልጣልን፣ ማኅበር አልጠጣን። ትንሽ እሳት ካማራቸው ፍሙ ቢሉት ምን ነበረበት?

እኔ አሸብር እባላለሁ። አባቴ አምስቱን ዓመት ከጣሊያን ጋር በረሃ ለበረሃ ሲታኮሱ ኖረው የተመለሱ አርበኛ ናቸው። ጦርነቱ አልቆ ቤታቸው ቢገቡም ትእዛዝ መስጠት አልለቀቃቸውም መሰለኝ፣ እኔን አሸብር፣ ተከታዬን ናደው፣ የመጨረሻውን ጣሰው አሉን። ምሳ ሲደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ «አሸብር! ናደው! ጣሰው!» ብላ ስትጣራ መንገደኛ ሁሉ ጦርነት የተነሣ መስሎት ይደነግጥ ነበር። የምንጠራው ግን ለሽሮ ነው።

እርግጥ ስሜም እንደ ባለቤቱ አርጅቷል። በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ሬዲዮ ዜና ባነበበ ቁጥር የዕድር ጓደኞቼ ዘወር እያሉ ያዩኛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ «አባዬ፣ አደራህን፣ ኤርፖርት ላይ የስምህን ትርጉም ቢጠይቁህ አላውቅም በል» አለችኝ። ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ዶሮ ስላልጮኸ ነው እንጂ ጴጥሮስን ሆኜ ነበር።

ቢሆንም ስም እንዲያ ነበር። ስሙን ሰምተህ የቤቱን ወሬ ታውቃለህ። ምትኩ ካሉህ ከእሱ በፊት የተቀበረ ልጅ አለ ማለት ነው። ካሳም፣ ተካም፣ ማስረሻም ያው ናቸው፤ የእናት እንባ የተጠረገባቸው ስሞች። ተሾመ ሲወለድ አባቱ ወይ ተሹሟል ወይ ሹመት አምሮታል። ማንደፍሮ ብለህ ስትጠራው ጎረቤትህን እያስፈራራህ ነው። እንኳን ሰው፣ ፈረስ የስም ትርጉም አልተነፈገም፤ የቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ፣ የምኒልክ ዳኘው፣ የባልቻ ነፍሶ ይባሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስዘረዝርለት ቆይቼ «ሁለት ንጉሠ ነገሥት እኮ ካሳ ይባሉ ነበር!» አልኩት፤ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ፣ ዮሐንስ ካሳ ምርጫ።

«አዎ» አለኝ፣ «ሁለቱም ዙፋን ላይ ሲወጡ ካሳን ጥለው ነው የወጡት። ጃንሆይም ቢሆኑ ተፈሪን ቤት ትተውት ነው ዘውድ የጫኑት።»

የተማረ ልጅ መውለድ እንዲህ ያደርጋል። እኔ መልስ ስፈልግ እሱ አልጠበቀኝም፤ «ቆይ አባዬ፣ እኔን ማን አልከኝ?» ብሎ ጨመረ።

እዚህ ላይ የገንፎው በርበሬ ትን አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 1977 ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን አከበረ፣ ኢሠፓ ተመሠረተ ተብሎ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ ተሸፍናለች። ሚስቴ በዚያው ሳምንት ወለደች። ሰው ነኝ፣ ሞቅ አለኝ፤ አብዮት አልኩት። ኮሎኔል መንግሥቱ በግንቦት 1983 አገር ጥለው ሲሄዱ ልጁ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። እሳቸው ሄዱ፣ ስሙ ቀረ። ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር በተደናቀፈ ቁጥር ጓደኞቹ «አብዮት ወደቀ!» እያሉ ሲንከተከቱበት ነው ያደገው። ስለዚህ ጉዳይ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም ነበር፤ ለካ ለዚህ ቀን አስቀምጦልኝ ኖሯል።

የልደት የምስክር ወረቀቱን ልናወጣ ወረዳ አብረን ሄድን። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ይሞላል። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት። ሞልታ ስትጨርስ ስሕተት እንዳይኖር ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው። «ኤይደን አብዮት አሸብር።» ቀና አለች። ሕፃኑን አየችው፣ አባቱን አየችው፣ መጨረሻ እኔን አየችኝ። «ይቅርታ አባባ፣ ስም ነው ወይስ ዜና?» ጃንሆይ፣ ደርግና ስልክ አንድ መስመር ላይ ተሰልፈው እኔም ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሦስት ትውልድ ወረቀት ላይ ትቆያለህ፣ ከዚያ ትወርዳለህ። ኤይደን አድጎ ሲወልድ የልጁ አያት አብዮት ይሆናል፤ አሸብር የሚባል ማንም አይጠራም።

እስከዚያው ግን ሥራ አለን። የሴት ልጄ ልጅ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት አንድ ክፍል ውስጥ አራት ናታን አሉ። ስሙን አልነቅፍም፤ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት የገሠጸ ነቢይ ነው። ግን መምህሯ «ናታን!» ስትል አራት ንፍጣም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ «ናታን ከበደ! ናታን በላቸው!» እያለች ነው የምትጠራው። አያችሁ? ልጁን ከልጁ የሚለየው ያ አሮጌ፣ ያ የተናቀው ከበደ ነው። ይህንንም ለአብዮት ነገርኩት።

«በእናንተስ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ አራት አበበ አልነበረም?»

ነበረ። አንድ አበበ ግን በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ቀደመ። የእኛም ክፍል አበበዎች ባይሮጡ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቢያንስ በሶ በልተዋል። «ኤይደን በሶ በላ» ቢባል ማን ያምናል? በሶውን የት አይቶት!

በአንድ ነገር ብቻ ነው የረቱኝ። እኔም ወግ ይዞኝ «ቢያድግልኝ በሉት፣ እንዴት ያለ ያማረ ስም ነው» ብዬ ነበር። ምራቴ ልጁን እያጠባች፣ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ ክትባቱን ጀምሯል፤ ያድጋል» አለችኝ። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ቀብራለች። ዝም አልኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የማሞቀው እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ቅቤ የተቀባ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ናደው እለዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ይል ነበር፤ አሁን ናደው ስለው እግሩን እያፈራገጠ ይስቃል። ኤይደን ስለው ያዛጋል። አደራ፣ ለአባቱ እንዳትነግሩብኝ።