የተጎዳ አሞራ በፍቅር የመግደያ ዘዴ

ቄራ አካባቢ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር አንድ ጭልፊት ክንፉን አንጠልጥሎ ወድቆ አገኙ እንበል። ከሁሉ በፊት ሰው ይሰብስቡ። ሊስትሮው፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ሁሉ ዙሪያውን ይክበቡት። ወፉ አፉን ከፍቶ ማለክለክ ሲጀምር «ውሃ ጠምቶት ነው» የሚል አዋቂ አይጠፋም። «ኧረ ፈርቶ ነው» የሚል ከተነሣ ዝም ያሰኙትና የሃይላንዱን ውሃ አፉ ውስጥ ያንቆርቁሩለት። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው እዚያው ምላሱ ሥር ስለሆነ ውሃው ሳንባው ለመድረስ አይቸገርም። ከዚያ በኋላ አይጠማውም።

ሲያነሡት ምንቃሩን ብቻ ይፍሩ፤ እግሩን ይርሱት። ጭልፊት የሚይዘውም የሚገድለውም በጥፍሩ መሆኑን መዳፍዎ ራሱ ያስረዳዎታል። የወደቀው ጥንብ አንሳ ከሆነ ግን እግሩ ደካማ ነው፤ የጦር መሣሪያው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ሲጨንቀው የበላውን ሁሉ ያስመልሳል፤ ምን እንደሚበላ ደግሞ ያውቃሉ። ስለዚህ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጉንጭዎን አስጠግተው ፎቶ ይነሡ። ፎጣ ወይም ነጠላ ጣል ቢያደርጉበት ዓይኑ ተሸፍኖ ይረጋጋ ነበር፤ ነገር ግን ፎቶው ይበላሻል።

ለክንፉ ወጌሻ ይጥሩ። በቅቤ ይታሽ። ቅቤ የነካው ላባ ብርድም ዝናብም አይመልስም፤ የክንፉ የላይኛው አጥንት ደግሞ ውስጡ ክፍት ሆኖ ከአየር ከረጢቶቹ ጋር ስለሚገናኝ እሱን ማሸት ትንፋሹን እንደማሸት ነው። የወፍ ስብራት በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፤ ጠሞ ከገጠመ እንደ ጠመመ ይቀራል። ስለዚህ «በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን» ማለት የተመሰከረለት ዘዴ ነው።

ሕመሙን ለማስታገስ ከመሳቢያዎ ዳይክሎፌናክ ፈልገው ይስጡት። ለጥንብ አንሳ ኩላሊት ይህን የሚያህል መድኃኒት የለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ህንድ ውስጥ የታመሙ ከብቶች ይህን እየተሰጣቸው ሲሞቱ፣ ሥጋቸውን የበሉት ጥንብ አንሳዎች በኩላሊት ሕመም ረገፉ፤ ከዝርያዎቹ አንዱ ከመቶ ከ99 በላይ አለቀ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006 ነው። እርስዎ ግን መሐል ላይ ከብት አያስፈልግዎትም። ቄራ ላይ እንደ ዶሮ የሚንጎራደደው ቡናማው ጥንብ አንሳም ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ በዓለም የመጥፋት አደጋ መዝገብ የመጨረሻው አስጊ ደረጃ ላይ ስለሰፈረ፣ አንድ እንኳ ቢቀንሱ ድካምዎ ከንቱ አይቀርም።

የወደቀው ንስር ከሆነ ወጪም የለብዎት። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ወጥቶ ምንቃሩን ከዐለት ጋር አጋጭቶ ይሰብራል፣ ላባውን ይነጫል፣ ከወራት በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል ሲባል በሥልጠና አዳራሽም በፌስቡክም ሰምተዋል። እንግዲያው ዐለት ፈልገውለት ይጠብቁ። ምንቃሩ ከሥሩ የተሰበረ ንስር ሥጋ መቦጨቅ ስለማይችል በረሃብ ይሞታል። ላባውንም የሚቀይረው መብረር እንዳያቋርጥ ጥቂት ጥቂቱን እያራገፈ ነው። ግን አነቃቂ ንግግር አቅራቢው ይህን ቢናገር ማን ያጨበጭብለታል?

ምግቡን በተመለከተ፣ የተራበውን ወፍ ወዲያው እስኪጠግብ ያብሉት፤ ሰውነቱ ውሃ ሳያገኝ የሚገባው ሥጋ ይጨርሰዋል። በኋላም አጥንትና ጠጉር የሌለው ጥሩ ቁርጥ ብቻ ይሁን። በዱር አይጧን ከነአጥንቷ ውጦ የማይፈጨውን ጠቅልሎ ይተፋል፤ የእርስዎ ግን የተከበረ እንግዳ ነው። ካልሲየም ያጣ ጫጩት እግሩ ሲቆለመም ቪታሚን ይግዙለት። ማደሪያው የሽቦ የዶሮ ቤት ይሁን፤ የክንፍና የጅራት ላባው በሽቦው ተሰባብሮ ያልቃል።

መሬት ላይ ያገኙትን ጫጩት፣ እናቱ ከዛፉ ላይ ብትጮህም፣ ይዘውት ይሂዱ። ስም ያውጡለት፣ በእጅዎ ያጉርሱት። ሰውን ወላጁ አድርጎ ካደገ በኋላ ሲለቁት የሚያውቀው ሥጋ የያዘ ሰውን መከተል ብቻ ይሆናል። ልኳንዳ ቤት በር ላይ ሲያርፍ የሚቀበለው ድንጋይ ነው።

ዳነ ካሉ ደግሞ ይልቀቁት። ለሳምንታት የታሰረ ወፍ የደረት ጡንቻው ስለሚመነምን የሚያውቁ ሰዎች በሰፊ ክፍል ያለማምዱታል፣ ወይም ረጅም ገመድ አስረው ያስበርሩታል። እርስዎ ከአራተኛ ፎቅ ይወርውሩት።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሌለው ሰነፍ ግን ወፉ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ እግሮቹን አጥብቆ ይይዛል፤ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ጸጥ ያለ ጨለማ ቦታ ያስቀምጠዋል። ምግብም ውሃም አይሰጠውም። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አድርሶ፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቆ ወደ ሥራው ይሄዳል።