ባለትልቅ ጭንቅላቱ፦ በጉንዳን ቤት የደረጃ ምደባ ላይ የተደረገ ጥናት

ደሴ ፒያሳ ካሉ ሻይ ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ሥር የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ለዚህ ጥናት በቂ ማስረጃ ነው። ፍርፋሪውን ስድስት ሰባት ደቃቃ ጉንዳኖች ከበው ይጎትቱታል፤ አንዱ ወደ ኋላ ሲስብ ሌላው ወደ ጎን ይስባል፣ ሸክሙ ግን እንደምንም ይሄዳል። ጭንቅላቱ ከቀረው ገላው የገዘፈ አንድ ጉንዳን ደግሞ ከጎናቸው ይጓዛል። አልፎ አልፎ ፍርፋሪውን በአንቴናው ነካ ያደርገዋል፤ ሥራው በይፋ የተጀመረው ያኔ ይመስላል። የሲቪል ሰርቪሱ የሥራ ምዘና 22 ደረጃዎች አሉት፤ ፌይዶሌ የሚባለው ይህ የጉንዳን ወገን ግን ሠራተኞቹን በአብዛኛው በሁለት ይጨርሳል፦ ደቃቃና ባለትልቅ ጭንቅላት። የእኛ ክርክር ባለትልቅ ጭንቅላቱ የማይሠራው ሥራ ስለማያውቅ ሳይሆን የሚሠራለት ስላለ ነው የሚል ነው።

ትልቅነቱ የትጋቱ ዋጋ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ጉንዳን ግን ካደገ በኋላ አይጨምርም፤ ደረጃው የሚወሰነው ገና እጭ ሳለ በሚቀርብለት ምግብና በሰውነቱ ውስጥ ባለ ሆርሞን ነው። ጭንቅላቱም የተሞላው በአመዛኙ በመንጋጋ ጡንቻ እንጂ በአንጎል አይደለም። ይባስ ብሎ ተመራማሪዎቹ ዊለርና ናይሃውት እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ በሹመት ላይ ያሉት ባለትልቅ ጭንቅላቶች ሲበዙ አዳዲሶቹ እጮች ወደዚያ ደረጃ እንዳያድጉ ያግዳሉ። የኮምቦልቻው ሙቀት ነገሩን ይለውጠዋል የሚል አስተያየት ከዚያው ወገን ሊነሳ ይችላል፤ ሙቀት ግን የጉንዳንን እርምጃ ያፈጥናል እንጂ ሸክሙን ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው አያዛውርም። ንግሥቲቱን ጥፋተኛ ማድረግም አይቻልም፤ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሥራ የተከፋፈለ ነው የሚለው ነው፦ ደቃቃው ይሸከማል፣ እጭ ያሳድጋል፤ ባለትልቅ ጭንቅላቱ ጠንካራ ፍሬ ይሰብራል፣ ቤት ይጠብቃል። እውነት ነው፤ ፍሬና ጠላት በመጣ ቁጥር ይሠራል። የቀረውን ጊዜ ግን ማን ያስረዳልን? የጉንዳን ተመራማሪው ኤድዋርድ ዊልሰን በዚያው በ1984 ደቃቆቹን ከጉንዳን ቤት እያነሳ ቁጥራቸውን ከባለትልቅ ጭንቅላቶቹ በታች አደረገው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እነዚያ የተከበሩ እንስሳት እጭ ማሳደግ ጀመሩ፤ የሥራቸው መጠንም ከ15 እስከ 30 እጥፍ አደገ። ሥልጠና የሰጣቸው አልነበረም። ደቃቆቹ ሲመለሱ ባለትልቅ ጭንቅላቶቹም በዚያው ፍጥነት ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። ለዚያች ጊዜ ውሎ አበል ይታሰብላቸው እንደሆነ ዘገባው አይገልጽም።